ለጊዜው ዝግ ነው

መጀመሪያ የሚመጡት ባንዲራዎቹ ናቸው። በቀጭን ሽቦ ላይ የተሰኩ፣ መዳፍ የማያክሉ፣ ሣሩ መሐል የሚተከሉ የፕላስቲክ ባንዲራዎች። እዚህ ሜሪላንድ መሬት ሊቆፍር የተነሣ ሰው በአብዛኛው አስቀድሞ 811 ደውሎ ማሳወቅ አለበት፤ ከዚያ ምልክት አድራጊዎች ይመጡና ከሥር የተቀበረውን በየቀለሙ ያሳያሉ። ቀይ የመብራት፣ ቢጫ የጋዝ፣ ሰማያዊ የመጠጥ ውሃ፣ ብርቱካንማ የስልክና የኢንተርኔት፣ አረንጓዴ የፍሳሽ። አንድ ቅዳሜ ማለዳ የፍሳሹ፣ የጋዙና የመብራቱ ጎን ለጎን ተሰልፈው ያዩ አንዲት እናት «ዛሬ ደግሞ የምን በዓል ነው?» ብለው ጠየቁን። «በዓል አይደለም እማማ፣ ሊቆፍሩ ነው» አልናቸው። «ታዲያ እንዲህ አሽሞንሙነው ነው የሚቆፍሩት?» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው አለፉ።

ከባንዲራዎቹ ቀጥሎ የዛፎቹ ወገብ ላይ ሪባን ይታሰራል። ሪባን የታሰረበት ዛፍ የሚተርፈው ይሁን የሚቆረጠው ከሩቅ መለየት አይቻልም፤ የምናውቀው መጋዙ ሲጮህ ነው። ከዚያ በእንጨት ችካል የተወጠረ ጥቁር ጨርቅ የወንዙን ዳር ይከባል፤ ብርቱካንማ መረብ መንገዱን ይዘጋል። በመጨረሻ ሰሌዳው ይቆማል። «የእግር መንገዱ ለጊዜው ዝግ ነው። ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን» ይላል። ትዕግሥቱን ሳንሰጥ ምስጋናውን አስቀድመው ሰጡን። ከግርጌው የሚከፈትበት ቀን በማርከር ተጽፎ ነበር፤ ዝናብ አጥቦት የወሩ ስም ብቻ ቀርቷል። የየትኛው ዓመት ወር እንደሆነ የሚነግረን የለም።

ፓርኩን በስሙ አልጠራውም፣ ቆፋሪውንም እንዲሁ። በሲልቨር ስፕሪንግና በዙሪያዋ የሚኖር ሰው የራሱን ወንዝ ዳር ያስብና ያንብበው።

የአፓርታማ ኑሮ ግቢ የለውም። ለብዙዎቻችን ግቢያችን ይኸው ወንዝ ዳር ያለው ፓርክ ነው። ስኳርና ደም ግፊት ያለባቸው፣ ሐኪም «ተራመዱ» ያላቸው አባቶችና እናቶች ነጠላ ደርበው፣ ስኒከር ተጫምተው ጠዋት ጠዋት ይመላለሱበታል። የልጅ ልደቱ፣ ምርቃቱ፣ የማኅበሩ ድግስ ሳይቀር እዚያው ጥላ ሥር ነው። መንገዱ ሲዘጋ ሰሌዳው ላይ ያለው ቀስት ወደ መኪና መንገድ ያወጣናል፤ ከዚያ ወዲያ ቀስት የለም። እግረኛ መሄጃ በሌለው ጠርዝ ላይ፣ መኪናው እያፏጨ ሲያልፍ ዳር ዳሩን የሚሄዱ አዛውንት ማየት ያስደነግጣል። አንዱን ጡረተኛ መምህር «ጋሼ፣ በዚህ በኩል አይሂዱ፣ አደገኛ ነው» ብላቸው «ታዲያ በየት ልሂድ ልጄ? ቀስቱ እኮ እዚህ አድርሶ ጥሎኝ ሄደ» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

ደግሞ ሌሊቱ አለ። ቧንቧው እስኪጠገን ፍሳሹ የሚያልፍበት ሌላ መንገድ ያስፈልገዋልና፣ ወፋፍራም ጥቁር ቱቦዎች በሣሩ ላይ ይዘረጉና በፓምፕ ይገፋል። ፓምፑ ሌት የለው፣ ቀን የለው፣ ዝም ብሎ ያጓራል። ወንዙ ዳር ላሉ ፎቆች መስኮት ከፍቶ መተኛት ቀረ። ደውለን ብንጠይቅ «ከተፈቀደው የድምፅ መጠን በታች ነው» ተባልን። ሊሆን ይችላል፤ የተፈቀደውን መጠን የወሰነው ሰው ግን እኛ ሰፈር አያድርም።

ነገርን ከሥሩ ነውና፣ ቧንቧው ፓርክ ውስጥ ምን ያደርጋል? ፍሳሽ ውሃ ነው፣ ቁልቁል ይወርዳል። ፓምፕ ሳይጠይቅ በራሱ ክብደት እንዲሄድ ከተፈለገ ቧንቧው የሚቀበረው ሸለቆ ውስጥ፣ ወንዙን ተከትሎ ነው። የሞንትጎመሪና የፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲዎች የውሃና ፍሳሽ ኮሚሽን የተቋቋመው በ1918 ነው (ዓመታቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የፓርክ ኮሚሽኑ የመጣው በ1927። የወንዝ ዳር መሬት እየተገዛ ፓርክ እንዲሆን የፌዴራል ገንዘብ የተፈቀደው ደግሞ በ1930 በወጣው የካፐር-ክራምተን ሕግ ነው። እና ቧንቧውና ፓርኩ አብሮ አደግ ናቸው። ወንዙ ዳር ከመሬት ብቅ ብለው የቆሙት፣ ልጆች እየዘለሉ የሚቀመጡባቸው፣ የብረት ክዳን የደፉ ክብ የሲሚንቶ ግንዶች የዚያ ቧንቧ ማንሆሎች ናቸው፤ ከፍ የተደረጉት ወንዙ ሲሞላ ጎርፉ እንዳይገባባቸው ነው። ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ሲበረታ አጠገባቸው ምሳ መብላት አይቻልም።

ቧንቧው አርጅቷል። በስንጥቁ የዝናብ ውሃ ይገባበታል፤ ዶፍ ሲወርድ ከአቅሙ በላይ ይሞላና በማንሆሉ እየገነፈለ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። በዚህ ጉዳይ የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ፣ የሜሪላንድ ግዛትና የዜጎች ማኅበራት ኮሚሽኑን ሞግተው በ2005 በፍርድ ቤት የሚጸና ስምምነት ላይ አድርሰውታል። ከተሟጋቾቹ አንዱ የስላይጎ ክሪክ ወዳጆች የሚባለው የሰፈር ሰዎች ማኅበር ነበር። ኮሚሽኑ መስመሮቹን እንዲመረምርና እንዲጠግን ተገደደ፤ በየሸለቆው ያየነው ቁፋሮም ብዙው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስለዚህ ጥገናውን እኔም እፈልገዋለሁ። በዚያ ቧንቧ የሚያልፈው የእኛው ሳህን ማጠቢያ፣ የእኛው ሽንት ቤት ነው። ወንዙ ውስጥ ከሚፈስ ቧንቧው ውስጥ ቢፈስ ይሻላል። እሮሮዬ ቧንቧው ከተቀበረ በኋላ ባለው ነገር ላይ፣ ከዚያም በፊት ወረቀቱ ሲፈረም በሚሆነው ነገር ላይ ነው።

ወረቀቱ ኢዝመንት ይባላል። ቤት የገዛ ብዙው ሰው ግዢው በሚጠናቀቅበት የክሎዚንግ ቀን ከፈረማቸው ወረቀቶች መሐል አይቶታል፤ መሬቱ ሳይሸጥ ሌላው በሥሩ ወይም በላዩ ቧንቧ፣ ሽቦ፣ መንገድ እንዲያሳልፍበት የሚሰጥ መብት ነው። አብዛኛው ጊዜ ገደብ የለውም፤ የመሬቱ ባለቤት ቢለዋወጥም እሱ ከመሬቱ ጋር ይኖራል። አሁን አንድ ኩባንያ ቧንቧ ማሳለፍ ፈለገ እንበል። በሰው ጓሮ ከሆነ ባለቤቱ ያንገራግራል፣ ጠበቃ ይይዛል፣ ካሳ ይጠይቃል፤ ሃምሳ ጓሮ ካለ ሃምሳ ጭቅጭቅ አለ። በፓርክ ከሆነ አንዱ መሥሪያ ቤት ለሌላው ይጽፋል፣ ሌላው ይፈርማል። መስመሩ ካርታ ላይ ሲሰመር እርሳሱ ለምን ወደ አረንጓዴው እንደሚያዘነብል ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። የፓርኩ ባለቤት ሕዝብ ነው ይባላል፤ ሕዝብ ደግሞ አርብ ከሰዓት ቢሮ ገብቶ «እምቢ» አይልም።

አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል። «ቀድሞም የተነካ መሬት ነው» የሚለው ማመልከቻ ቀላል ማመልከቻ ነው። የፍሳሹ መስመር ያለበት ጋ የጋዙ ቢጨመር ምን አለበት? የጋዙ ካለ ፋይበሩ ምን አለበት? እያንዳንዱ ፈቃድ ለብቻው ሲታይ ትንሽ ነው፤ ጥቂት ሜትር ስፋት፣ ጥቂት ዛፍ፣ ጥቂት ወር። ሁሉንም ደምሮ ካርታ ላይ አስቀምጦ «ከፓርኩ ያልተነካው ይኸው ይህ ነው» ብሎ ለስብሰባ ያቀረበ ሰው ግን አይቼ አላውቅም።

ይህን ነገር ከሁሉ በላይ የገለጸልኝ የኒውዮርክ ታሪክ ነው። ከተማዋ ከክሮተን ግድቦች የሚመጣውን የመጠጥ ውሃ እንድታጣራ ተገደደችና ማጣሪያውን ብሮንክስ ውስጥ በቫን ኮርትላንድ ፓርክ፣ የሞሾሉ ጎልፍ ሜዳ ካለበት ሥር ልትቀብረው አሰበች። ክርክሯ የምናውቀው ነው፤ ከመሬት በታች ነው፣ አይታይም፣ ሲያልቅ ከላይ ፓርኩ ይመለሳል። የግዛቲቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2001 አልተቀበላትም። የፓርክ መሬት ለሌላ ጥቅም ሲውል፣ ከሥር ቢሆንም፣ ኋላ ቢመለስም፣ የግዛቱ ምክር ቤት በግልጽ ሊፈቅደው ይገባል አለ። ሕዝብ ያንን ቦታ ለዓመታት የማይረግጠው ከሆነ «ለጊዜው ነው» ማለት ከፈቃድ አያድንም ማለት ነው።

ምክር ቤቱ በ2003 ፈቀደ። ፈቃዱ ግን በነጻ አልመጣም፤ ለብሮንክስ ፓርኮች ማደሻ ከ200 ሚሊዮን ዶላር በላይ አብሮ ተመደበ። ከዚያስ? ማጣሪያው ሥራ የጀመረው በ2015 ነው። ወጪው ከ3 ቢሊዮን ዶላር አለፈ። በ2003 የ8 ዓመት ልጅ የነበረ ብሮንክሳዊ፣ ማጣሪያው ሥራ ሲጀምር የ20 ዓመት ጎረምሳ ሆኗል። ቢሆንም እላለሁ፣ ያ ፍርድ ባይኖር ብሮንክስ ጉድጓዱን ብቻ ታቅፋ ትቀር ነበር። ሕዝቡ ቢያንስ ተጠይቋል፣ ቢያንስ ተከፍሎታል።

የፌዴራሉም መንግሥት ሕግ አለው። የ1965 የሚባለው የመሬትና የውሃ ጥበቃ ፈንድ ሕግ በፈንዱ ገንዘብ የተገዛ ወይም የለማ ፓርክ ለሌላ ጥቅም እንዳይውል ይከለክላል፤ ከዋለ ደግሞ ዋጋውና ጥቅሙ የሚመጣጠን ምትክ መሬት መቅረብ አለበት። ጥሩ ሕግ ነው። በአሠራሩ ግን ቀዳዳ አለው። ከመሬት በታች የሚቀበር መስመር፣ ላዩ ወደ ነበረበት ከተመለሰና የሕዝቡን መጠቀም ካላወከ፣ በአብዛኛው እንደ ለውጥ አይቆጠርም። ጊዜያዊ መዝጋትም እስከ 6 ወር ይታለፋል። 6 ወር! እኛ ሰፈር 6 ወር ማለት የመረቡ ብርቱካንማ ቀለም በፀሐይ ነጣ ማለት ሲጀምር ነው።

«ወደ ነበረበት ይመለሳል» የምትለዋ ሐረግ ናት የምታንገበግበኝ። ምን ወደ ነበረበት? ቧንቧ በተቀበረበት መስመር ላይ ዛፍ እንዲተከል አይፈለግም፤ ሥሩ ቧንቧውን ይሰነጥቃል፣ ግንዱም ለሚቀጥለው ጥገና መንገድ ይዘጋል። ስለዚህ ጫካ የነበረው የሚመለሰው ሣር ሆኖ ነው። መስመሩን ከላይ ሆኖ ያየ ሰው መቀስ የገባበት ፀጉር ይመስለዋል። የእኛን ልንገራችሁ። ቆፋሪዎቹ ሲወጡ የገለባ ምንጣፍ ዘርግተው ዘር በተኑበት። ለማሽኑ መግቢያ የተነጠፈው ጠጠር «ለወደፊት ጥገና ያገለግላል» ተብሎ እዚያው ቀረ። ከመስመሩ ወጣ ብሎ የተተከሉት ችግኞች እያንዳንዳቸው በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ቆመዋል፤ ጎንበስ ብላችሁ ወደ ውስጥ ብታዩ ከግማሽ በላዩ ውስጥ ያለው ደረቅ እንጨት ነው። አጠጪ አልተቀጠረላቸውም። አጋዘኑም የደረሰበትን አልማረም። በበልግ ከሁሉ ቀድሞ የበቀለው ደማቅ ቢጫ አበባ ያላት ዝቅ ያለች አረም ናት፤ ስታምር ታታልላለች፤ ነገር ግን የተቆፈረና የረጠበ መሬት ስታገኝ የአገሩን ተክል አልብሳ የምትውጥ መጤ ናት። አንድ ጓደኛዬ «የአደይ አበባ መሰለችኝ» ብሎ ፎቶ አንሥቶ ላከልኝ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም «ተጠናቋል» ተብሎ ተዘግቷል። ማነው መጥቶ ያየው? ፈቃዱን የሚሰጥ ክፍል አለ፣ ቁፋሮውን የሚቆጣጠር ክፍል አለ፤ ከዓመት በኋላ ችግኙን የሚቆጥር ክፍል የት እንደሚቀመጥ የነገረኝ የለም። ስደውል አንዱ ወደ ሌላው አስተላለፈኝ፤ ሌላው መልሶ ወደ መጀመሪያው።

ትልልቆቹም ዘንድ ያው ነው። አትላንቲክ ኮስት የተባለው የጋዝ ቧንቧ በቨርጂኒያ የአፓላቺያን የእግር መንገድን ከ600 ጫማ ያህል ጥልቀት ከሥር ሊያቋርጥ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰኔ 2020 ላይ 7 ለ2 ፈቀደ። አንድ ወር ሳይሞላ ባለቤቶቹ ኩባንያዎች ወጪውና ሙግቱ በዛብን ብለው ፕሮጀክቱን ራሳቸው ሰረዙት። ዛፍ ግን በየቦታው አስቀድሞ ተቆርጦ ነበር። በመስመሩ ላይ ያሉ ባለመሬቶች የፈረሙት ኢዝመንትም ከፕሮጀክቱ ጋር አልሞተም፤ ቧንቧ የማይመጣበትን የቧንቧ መብት ከመሬታቸው ላይ ለማስነሣት ሌላ ደጅ ጥናት ያዙ።

ስለ መዘጋት ካወራን የፐርፕል ላይን ባቡር ሳይነሣ አይታለፍም። ከቤተስዳ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ በዛፍ ጥላ ሥር የሚያመጣው የእግርና የብስክሌት መንገድ ለባቡሩ ተብሎ የተዘጋው መስከረም 2017 ላይ ነው። ባቡሩ በ2022 ይጀምራል ተብሎ ነበር፤ ወደ 2027 መጨረሻ ተገፋ። ካዘገዩት ነገሮች አንዱ ከሥር የተቀበሩትን የውሃ፣ የጋዝና የመብራት መስመሮች ማዛወሩ ነው፤ በመዘግየቱ የተነሣው የወጪ ጭቅጭቅ ዋናውን የግንባታ ተቋራጭ በ2020 ጥሎ እስከ መውጣት አድርሶታል። ቦኒፋንት ጎዳና ላይ ሱቅ ያላቸው ወገኖቻችን በራቸው ላይ የቆመውን አጥር ስንት ዓመት እንዳዩት እነሱን ጠይቁ።

አገር ቤት ያደገ ሰው ይህ ሁሉ ሊገርመው አይገባም ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። አዲስ አበባ ውስጥ አስፋልቱ ተነጥፎ ሳይበርድ የውሃው መጥቶ ሲቆፍር፣ የውሃው ሲደፍን የስልኩ ሲመጣ አይተናል። አዋጅ ቁጥር 857/2006 (ይህ ዓመት እንኳ በእኛው አቆጣጠር ነው) የወጣውም መንገዱ፣ ውሃው፣ መብራቱና ስልኩ ተናበው እንዲሠሩ ነበር፤ ምን ያህል እንደተናበቡ የአዲስ አበባ እግረኛ ይፍረድ። እዚህ የሚለየው ወረቀቱ ማማሩ ነው። ባንዲራው በቀለም ነው፣ ሰሌዳው ያመሰግናል፣ ሕጉ በቁጥር ተጽፏል፣ ለአስተያየት ስብሰባ ይጠራል። እና ያ ሁሉ ካለ በኋላ ችግኙ ቱቦው ውስጥ ይደርቃል።

ስብሰባ ካልኩ አይቀር። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ስለ ክትባት፣ ስለ ትምህርት ቤት ምዝገባ በአማርኛ ይጽፍልናል፤ ቁጥራችን ጥቂት እንዳልሆነ ያውቃል። እኛ መንገድ ላይ የቆመው ሰሌዳ ግን በእንግሊዝኛ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት በዚያ መንገድ የሚያልፉት እናቶች ግማሾቹ አያነቡትም፤ መረቡን አይተው ይመለሳሉ። አንዴ የስብሰባው ማስታወቂያ ደርሶኝ ብሄድ አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ከኩባንያው የመጡ ሰዎች፣ ሁለት ብስክሌተኞችና ስለ ወፍ የሚከራከሩ አንዲት ፈረንጅ ባልቴት ነበሩ። ባልቴቷን ሰሟቸው። የወፎቹ የመፈልፈያ ወራት እስኪያልፍ ዛፍ እንዳይቆረጥ የሚል መስመር ውሉ ውስጥ ገባ። ለወፍ ተናጋሪ ተገኝቶ ለእማማ አለመገኘቱ ነው የሚቆጨው።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ባንዲራ ሲተከል ስታዩ በጊዜ ጠይቁ። ሰሌዳው ላይ ያለውን የፈቃድ ቁጥርና የመክፈቻ ቀን ዝናብ ሳያጥበው ፎቶ አንሡ። እግረኛው በየት እንደሚያልፍ፣ ዛፉን ማን እንደሚተካ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ችግኙን ማን መጥቶ እንደሚያይ ውሉ ላይ በጽሑፍ እንዲሰፍር አድርጉ፤ ከተፈረመ በኋላ የሚሰማ የለም። ሰሌዳው በአማርኛም ይጻፍ በሉ፣ መብታችሁ ነው። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚሆነው ማታ ከሥራ በኋላ ነው፤ በኢንተርኔት መግባት የሚቻልበትም አለ፤ ለአንድ ሰው የሚሰጠው የመናገሪያ ጊዜ ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። እንግሊዝኛዬ አይመችም የሚል አስተርጓሚ አስቀድሞ ይጠይቅ። እማማንም ይዛችኋቸው ኑ።